የአንድ አሮጌ የእጅ ሰዓት ማንነት እንዴት ይታወቃል?

አሮጌ የእጅ ሰዓት የገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያነበው በፊቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። በዚህ ዓመት ጡረታ ለሚወጡት መምህራችን መሸኛ ይሆን ዘንድ ከአራት የክፍል ጓደኞች ኪስ በተዋጣ 4,800 ብር ከመርካቶ አንድ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ገዛን። በፊቱ ላይ በላቲን ፊደል «ኦሜጋ» ተጽፎበታል፤ ሻጩም ኦሜጋ ነው ሲል አረጋገጠልን። ይሁን እንጂ ይህንኑ ስም በስጦታው ካርድ ላይ ለመጻፍ በተሰናዳን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ «መምህሩ እንደ ሆኑ ማስረጃ ሳያዩ አንዲት ቃል አይቀበሉም፤ ሰዓቱን ቢያስከፍቱትስ?» ሲል ጠየቀ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ጥያቄ ምክንያት ያደረግነውን ምርመራ ለመግለጽ የቀረበ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰዓት ፊት ቀለም የተቀባ ስስ ሳህን ነው። ሲያረጅ እንደ ገና ይቀባል፤ የሚቀባውም ሰው የፈለገውን ስም ሊጽፍበት ይችላል። ቀፎውም ቢሆን በሌላ ይለወጣል። ሰዓት ሠሪዎች ሞተር የሚሉት የውስጡ ክፍል ግን ምልክቱ በብረቱ ላይ ተመትቶ የወጣ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚታመን ምስክር ነው።

ክዳኑን በራሳችን ለመክፈት አልደፈርንም፤ በቢላዋ የተከፈተ ክዳን መጫሩ፣ ውስጡም አቧራ መግባቱ አይቀርምና። ስለዚህ ወደ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ሄድን። እርሳቸውም መነጽራቸውን በዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ወዲያና ወዲህ ከሚወዛወዘው ጎማ አጠገብ እንድንመለከት ነገሩን፤ የሞተሩ ዓይነት ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዚያ ነው። እኛም ተራ በተራ ጎንበስ ብለን ስናይ «ኤ ኤስ» የሚሉ ሁለት ፊደላትና 1130 የሚል ቁጥር አገኘን።

ኤ ኤስ ማለት አዶልፍ ሺልድ በ1896 በስዊስ አገር በግሬንሸን ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ ነው። ይህ ፋብሪካ በ1926 ኤቦሽ የተባለውን የሞተር ሠሪዎች ማኅበር ከመሠረቱት ሦስቱ አንዱ ሲሆን፣ በኋላ በ1979 ከኤታ ጋር ተቀላቅሏል። የዚህ ዓይነት ፋብሪካዎች ሥራ ሞተሩን እየሠሩ ለሌሎች መሸጥ ነበር፤ የገዛው ቤት አሰማምሮና አስተካክሎ በራሱ ቀፎ ይከተዋል፣ በፊቱም ላይ የራሱን ስም ይጽፋል። እንግዲህ በፊቱ አንድ ስም፣ በውስጡ ሌላ ስም መገኘቱ ብቻውን የማታለል ማስረጃ አይደለም። እኛም ለጥቂት ጊዜ በዚህ ተጽናናን።

መጽናናታችን ግን አልቆየም። ኦሜጋ ከ1939 ጀምሮ ለወንድ የእጅ ሰዓት ያወጣው ታዋቂ ሞተር የራሱ ሥራ ነው። ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ መልኩ መዳብ ይመስላል፤ የቤቱ ስምና ተራ ቁጥርም ተቀርጾበታል። የእኛው ነጭ ነው፤ የኦሜጋ ስም የለበትም፤ ሰዓት ሠሪው ከቀፎው አውጥተው ሲለኩትም 29 ሚሊ ሜትር ሆነ። የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ሞተርን የሚለኩት መስመር በሚባል የጥንት የፈረንሳይ ልክ ሲሆን አንዱ መስመር 2.256 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኤ ኤስ 1130 ባለ 13 መስመር ይባላል፤ ይህም ከለካነው ጋር ይስማማል። ሞተሩ ሲወጣ ፊቱንም ለብቻው ለማየት ቻልን፤ የትንሿ ሰኮንድ ክበብ መካከሏ ከቀዳዳው ጋር አልገጠመም፣ የስሙም ፊደላት ወፍራምና ያልተስተካከሉ ናቸው። ፊቱ እንደ ገና የተቀባ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በዚህ መካከል አንደኛው ጓደኛችን ኤ ኤስ 1130 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ሠራዊት በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ውስጥ መገኘቱን አንብቦ መጣና፣ «እንግዲያው የወታደር ሰዓት ነው!» አለ። መቸም አንድ ስም ሲታጣ ሌላ የሚያምር ስም መፈለግ የሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን ያው ሞተር ለሲቪል ሰዓትም በብዛት ተሠርቷል፤ ለሠራዊቱ የተሠራው ደግሞ በክዳኑ ጀርባ ላይ «ዲ ኤች» የሚሉ ፊደላትና ቁጥር ይኖሩታል። የእኛው ጀርባ ባዶ ነው።

ምቱንም በስልክ ቀድተን ቆጠርነው። በ10 ሰኮንድ 50፣ ይኸውም በአንድ ሰዓት 18,000 ምት ሆነ። ይህ ግን በዚያ ዘመን የአብዛኛው የእጅ ሰዓት ፍጥነት ስለ ነበረ ሰዓቱ በደኅና መሄዱን እንጂ ማንነቱን አይነግርም። ከ1930ዎቹ ወዲህ የመጣው ኢንካብሎክ የተባለው የመውደቅ መከላከያ፣ ማለት የክራር ቅርጽ ያላት ጥቃቅን ሞላ፣ በእኛው ላይ የለም። መምህሩ እንዳይጥሉት ማስጠንቀቅ ይኖርብናል።

የቀረው የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ነበር። ሰዓት ሠሪዎች የጠገኑትን ሰዓት በመርፌ ጭረው ምልክት የማድረግ ልማድ አላቸው። በእኛው ላይ ሦስት ጭረቶች አሉ፤ ሁለቱ የማይነበቡ ቁጥሮች ናቸው። ሦስተኛው ግን በግዕዝ አኃዝ «፲፱፻፶፬ ዓ.ም.» ይላል፤ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1961 ወይም 1962 ማለት ነው። አዛውንቱ ሰዓት ሠሪ ጭረቱን ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱና፣ «ይኼ የኛ ሰው እጅ ነው» አሉ።

ወደ ሻጩም ተመለስን። እሱም ከሌላ ሰው ኦሜጋ ነው ተብሎ እንደ ገዛው ነገረን፤ ልቡን ልናይ አንችልም፣ ነገር ግን ሳይከራከር 800 ብር መለሰልን። ከመካከላችን አንዱ በፊቱ ላይ ያለው ስም ይፋቅ ብሎ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው ፊቱ ይበላሻል ስላሉ ተውነው። በካርዱ ላይ እንዲህ ብለን ጻፍን፤ «ሞተሩ የስዊስ ሥራ፣ ኤ ኤስ 1130። ፊቱ እንደ ገና የተቀባ፤ በላዩ ያለው ስም የእሱ አይደለም። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በአገራችን ሰው እጅ የተጠገነ።» በተመለሰው 800 ብር አዲስ የቆዳ ማሰሪያ ገዛንለት።