የስኳርና የመድፍ ፍርስራሽ

ሴንት ጆን የተባለችው ትንሽ የካሪቢያን ደሴት፣ ዛሬ በአሜሪካ ግዛት ሥር ሆና በአሸዋዋ ንጣትና በባሕሯ ጥራት ብዙ ጎብኚ የምትስብ ብትሆንም፣ ከባሕሩ ዳር ጥቂት ወደ ዱሩ ዘለቅ ያለ ሰው ጣሪያቸው የወደቀ ሰፋፊ ቤቶችን፣ የዛፍ ሥር ጠፍሮ የያዛቸውን ግድግዳዎችና ክንፋቸውን ያጡ የነፋስ ወፍጮ ማማዎችን ያገኛል። ዱሩም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም፤ ዴንማርኮች በ1718 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ደሴቲቱን ከያዙ ወዲህ አብዛኛው ኮረብታ በአፍሪካውያን ባሮች ክንድ ተመንጥሮ፣ እርከን ወጥቶለት፣ ሸንኮራ አገዳና ጥጥ በቅሎበት ነበርና፣ የዛሬው ጫካ እርሻው ከጠፋ በኋላ የመጣ ነው።

ከፍርስራሾቹ ሁሉ ይልቅ የስኳሩ ሥራ ጎልቶ የሚታየው በሰሜን ጠረፍ ባለው በአናበርግ ነው። በነፋስ ኃይል የሚዞሩት የቆሙ መዳመጫዎች አገዳውን ሲጨምቁት፣ ጭማቂው በቁልቁለቱ ወርዶ ወደ ማፍያው ቤት ይገባል፤ በዚያም ከትልቁ ወደ ትንሹ በተደረደሩ ሰታቴዎች ውስጥ፣ ተጨምቆ የደረቀው አገዳ ራሱ ማገዶ እየሆነለት፣ እየተንተከተከ ይወፍራል። ሲቀዘቅዝ ስኳሩ ይረጋል፤ ከበርሜሉ ከሚንጠፈጠፈው ሞላሰስም ሩም ይወጣል። በመከር ጊዜ እሳቱ ሌሊትም አይጠፋም ነበር፤ በካሪቢያን መጭመቂያዎች ዘንድ፣ እንቅልፍ ያሸነፈው ሠራተኛ እጁ በመዳመጫው ቢያዝ ክንዱ የሚቆረጥበት መጥረቢያ በአጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ግድግዳውን ቀርቦ ያየ ሰው፣ ከተራራው ድንጋይ መካከል ገጹ እንደ አንጎል የተጠማዘዘ ኮራል፣ በበሩና በመስኮቱ ጠርዝም በመርከብ የመጣ ቢጫ ጡብ ያያል፤ ያያያዛቸው ኖራ ከዛጎልና ከኮራል የተቃጠለ ነው። ኮራሉን ከባሕር ያወጡት፣ ኖራውን ያቃጠሉት፣ ድንጋዩንም የካቡት እነዚያው ባሮች ናቸው።

በምሥራቅ፣ ከኮራል ቤይ ወደብ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ፍሬድሪክስቨርን የተባለው ምሽግ ቅሪት አለ። እኔ ምሽጉን ከመጭመቂያው ለይቼ ላየው አልችልም፤ ምሽጉ ወደቡን ቢጠብቅም፣ ከአንድ ሺህ በላይ ባሮች በሁለት መቶ ያህል ነጮች ሥር በተያዙባት ደሴት የጌቶቹ ትልቁ ሥጋት ከመርከብ ሳይሆን ከእርሻው ነበርና። በ1733 ድርቅ፣ ዐውሎ ነፋስና ተባይ ተከታትለው እህሉን ባጠፉበት ወራት፣ ገዥው ፊሊፕ ጋርዴሊን የኮበለለ ባሪያ እግሩን እስከ መቆረጥ የሚቀጣበትን ሕግ አወጣ። በኖቬምበር 23 ቀን፣ ዛሬ ጋና ከሚባለው አገር የመጡ የአክዋሙ ተወላጆች እንደ ልማዳቸው ማገዶ ተሸክመው ወደ ምሽጉ ወጡ፤ በማገዶው ውስጥ ግን የአገዳ መቁረጫ ገጀራ ሸሽገው ነበርና፣ አልጋ ሥር ከተደበቀው ከአንዱ በቀር በምሽጉ ያገኟቸውን ወታደሮች ገድለው፣ ለጓዶቻቸው ምልክት እንዲሆን መድፉን ተኮሱ። አብዛኛውን ደሴት ለወራት ይዘው ከቆዩ በኋላ፣ በ1734 ከማርቲኒክ የመጣ የፈረንሳይ ጦር ድል ሲነሣቸው፣ ብዙዎቹ ከመማረክ ይልቅ በገዛ እጃቸው መሞትን መረጡ።

የነጻነት አዋጅ የወጣው በጁላይ 3 ቀን 1848፣ በጎረቤቷ በሴንት ክሮይ ሺዎች ተነሥተው ገዥውን ፒተር ፎን ሾልተንን ባስገደዱት ጊዜ ነው። እርሻዎቹ ከዚያ ወዲህ እየተዳከሙ ሄዱ፤ ዴንማርክም በ1917 ደሴቶቹን በ25 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሸጠች፤ በ1956 ከሴንት ጆን ብዙው መሬት ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። አናበርግን ማንም ሰው በተጠረገ መንገድ ይጎበኘዋል፤ ወደ ኮራል ቤዩ ምሽግ ግን የአገሩ ልጆች በየዓመቱ በኖቬምበር በእግራቸው እየወጡ በ1733 የተነሡትን ሰዎች ያስባሉ።