የፕሮሰሰር ለውጥና የኦፐሬቲንግ ሲስተም ገደብ፤ የአፕል ኩባንያ አብነት

የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር የሚረዳው በራሱ የትእዛዝ ቋንቋ የተጻፈለትን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሠሪ የፕሮሰሰሩን ዓይነት በለወጠ ጊዜ የቀድሞው ፕሮግራም ሁሉ ወይ እንደገና መዘጋጀት፣ ወይም በአስተርጓሚ መሥራት አለበት። የአሜሪካው አፕል ኩባንያ ይህን ከባድ ለውጥ ሦስት ጊዜ ፈጽሟል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ማኪንቶሽ በሞቶሮላ ፕሮሰሰር ይሠራ ነበር፤ በ1994 ወደ ፓወር ፒሲ፣ በ2006 ወደ ኢንቴል፣ በ2020 ኩባንያው ራሱ ወደ ነደፈው ፕሮሰሰር ተሻገረ።

ከእነዚህ ውስጥ ለጥናታችን ይበልጥ የሚጠቅመው የ2006ቱ ነው። ስቲቭ ጆብስ ለውጡን በ2005 ሲያስታውቅ የሰጠው ምክንያት፣ ኢንቴል በአንድ ዋት ኃይል የሚያከናውነው ሥራ እንደሚበልጥ ነበር። የፓወር ፒሲው ጂ5 ሙቀቱ ስለ በዛ ላፕቶፕ ውስጥ ሳይገባ ቀርቷል። አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች ሮዜታ የተባለ አስተርጓሚ አሻገራቸው፤ እርሱም በ2011 በወጣው እትም ቀረ።

ሆኖም የኢንቴል ፕሮሰሰር በሌሎች ሠሪዎች ኮምፒዩተሮችም ውስጥ የሚገኝ ነው። እንግዲህ የአፕል ሲስተም በእነርሱ ላይ እንዳይሠራ ምን ያግደዋል? መልሱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ሲስተሙ በማክ ውስጥ ባለ ቺፕ የተቀመጠውን ቁልፍ እንዲፈልግ ተደረገ። ሁለተኛም፣ የፈቃዱ ውል በአፕል ኮምፒዩተር ላይ ካልሆነ መጫንን ከለከለ። ኩባንያው ዋና ገቢውን የሚያገኘው ከዕቃው ሽያጭ ስለሆነ ነገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ በ1995 ለሌሎች ሠሪዎች የሰጠውንም ፈቃድ በ1997 ማቋረጥ ጀምሮ ነበር።

ውሉ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። ሳይስታር የተባለ የፍሎሪዳ ድርጅት በ2008 ሲስተሙን በራሱ ኮምፒዩተሮች ላይ ጭኖ መሸጥ ጀመረ፤ ቅጂዎቹን በሕጋዊ መንገድ ገዝቻለሁ ሲልም ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2009 ለአፕል ፈረደ። ይግባኝ ሰሚውም በ2011 ፍርዱን አጸናው፤ ምክንያቱም ውሉ ሌላው የራሱን ሲስተም እንዳይሠራ አይከለክልም የሚል ነበር።

ይህ አስተያየት ለሠሪው ድካም ዋጋ ይሰጣል። ነገር ግን ገዢው ምን ገዛ? የገዛው ዕቃውን ነው፤ በሲስተሙ ላይ ያለው ግን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። አፕል የኢንቴል ኮምፒዩተሮችን እስከ 2023 ድረስ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ታሆ የተባለው እትም ለእነርሱ የመጨረሻው እንደሚሆን በ2025 አስታውቋል። ያለ እክል የሚሠራ ዕቃ በሌላ ወገን ውሳኔ ያረጃል ማለት ነው። አሁን ፕሮሰሰሩም የኩባንያው ስለሆነ፣ ቀድሞ በውል የቆመው አጥር በዕቃው ውስጥ ተተክሏል። ስለዚህ ለግልም ሆነ ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሚመርጥ ሰው ከፍጥነቱና ከዋጋው ጋር የፈቃዱን ውልና ሲስተሙ የሚታደስበትን ዘመን አብሮ ሊመዝን ይገባዋል።