ደንበኛ የማይሰማው ድምፅ

ይህን የምነግራችሁ ሳይክል ጠጋኝ ባልደረቦቼ ሳይሰሙ ነው። የተወላገደ የሳይክል ጎማ ማቃናት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሳይክሉን እንገለብጠዋለን፣ ጎማውን እናሽከረክረዋለን፣ ቸርኬው (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት የውጭ ክብ) ፍሬኑን የሚነካበትን ቦታ እናያለን፣ እዚያ ያለውን ሽቦ በቁልፍ ጠበቅ እናደርገዋለን። አንዴ ደግመን ስናሽከረክር ጎማው ቀጥ ብሎ ይዞራል። እናንተም ቆማችሁ ስላያችሁ ደስ ብሏችሁ ትከፍላላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ያው ጎማ፣ ያው ቦታ ላይ ተጣሞ ትመለሳላችሁ። ያኔ ኮብልስቶኑን እናማርራለን፣ «ከኋላ ሰው ጭነህ ይሆናል» እንላለን። ኮብልስቶን ወጥቶ አይከራከረንም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጎማ ቀጥ ማለቱ ይታያል፤ የሽቦው ውጥረት አይታይም። ደንበኛ የሚከፍለው ላየው ነገር ስለሆነ እኛም የምንሠራው የሚታየውን ነው። 36 ሽቦ ያለው ጎማ እንደ ቀስት ቀጥ ብሎ እየዞረ ከሽቦዎቹ ገሚሱ የላላ፣ ገሚሱ ደግሞ ከልክ በላይ የተወጠረ ሊሆን ይችላል። በቀኝ ያለው ጥብቅ ሽቦ በግራ ካለው ጥብቅ ሽቦ ጋር እየተጓተተ ቸርኬውን መሃል ላይ ያቆመዋል፣ በመካከላቸው ያለው ልል ሽቦ ደግሞ ያለ ሥራ ይቀመጣል። በመንገድ ላይ ያ ልል ሽቦ በእያንዳንዱ ዙር ይረግባል፣ ይወጠራል፤ በንዝረቱ ሽቦውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው ዳዶ በራሱ ጊዜ እየተፈታ ይሄዳል። የጠበቁት ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ጎማውም እንደገና ይጣመማል።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ጎማውን አውልቃችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና ሽቦዎቹን ወደ ቸርኬው ጠጋ ብላችሁ አንድ በአንድ በጥፍር ምቱ፣ ክራር እንደሚቃኝ ሰው። በአንድ በኩል ያሉት ሽቦዎች ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንዱ «ቲን» ሲል ቀጥሎ ያለው «ዱም» ካለ፣ ጎማው ቢቃናም ሥራው ገና አላለቀም። ቀኙን ከግራው ጋር አታወዳድሩ፤ በኋላ ጎማ ላይ ሁለቱ ወገኖች መለያየታቸው ተፈጥሯዊ ነው፣ ምክንያቱን እመለስበታለሁ። ውጥረት የሚለካ መሣሪያ ያላቸው ባለሙያዎች በቁጥር ያወራሉ፤ ደህና የታሰረ የፊት ጎማ አንድ ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይወጠራል። በ36 አባዙት። ያ ቀላል የሚመስል ጎማ ውስጥ ከሦስት ቶን ተኩል በላይ መጓተት አለ፤ እናንተ ገና ሳትወጡበት።

ሽቦ ተበጥሶበት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አደራ ወንድሜ፣ በጣም እንዳታጠብቀው፤ ጠብቆ ነው የተበጠሰው» ይለኛል። እኔም «እሺ» እላለሁ፤ መከራከር ደንበኛ ያሸሻል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጆብስት ብራንት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሳይክል ጎማ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ይህን በስሌት አሳይቷል። ክብደት ሲያርፍበት ጎማው ላይ ጉልህ ለውጥ የሚታየው ከታች፣ መሬት የሚነካው ቦታ ላይ ባሉት ጥቂት ሽቦዎች ነው፤ እነሱም ውጥረታቸው ይቀንሳል። ከላይ ያሉት ብዙም አይነኩም። አንድ ሽቦ በቂ ሆኖ ከተወጠረ ቢቀንስበትም አይረግብም። ከመጀመሪያው ልል ከሆነ ግን በየዙሩ ጨርሶ ይረግብና መልሶ ይወጠራል፤ ጎማው መሃል ባለው ሞዞ ላይ የታጠፈበት ክርን ደጋግሞ ይንቀሳቀሳል። ሽቦን በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ እያጠፋችሁ ሰብራችሁ ታውቁ ይሆናል፤ የሚሆነው ያው ነው። ስለዚህ የተበጠሰው ሽቦ ብዙ ጊዜ የጠበቀው አይደለም፣ የላላው ነው። ደግሞም በጎማው ላይ አንድ ሽቦ ከተበጠሰ ጎረቤቶቹም ያንኑ ያህል ደክመዋል፤ «አንዱን ብቻ ቀይርልኝ» የምትሉት በቅርቡ ሌላውን ልትቀይሩ ነው።

አዲስ ሳይክል የገዛችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። በዓለም ላይ የሚሸጡት አብዛኞቹ ጎማዎች የሚቃኑት በሰው እጅ ሳይሆን በማሽን ነው፤ ለዚህ ብቻ ማሽን የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ። ማሽኑ ፈጣን ነው፣ ቸርኬውንም ደህና አድርጎ ያቃናል። ርካሽ ሳይክል ላይ ግን ሽቦውን እስከ መጨረሻው አይወጥረውም። ሳይክሉ በካርቶን ታሽጎ መጥቶ ሱቅ ውስጥ ሲገጣጠም ማንም ጎማውን አይነካውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ መወላገድ ይጀምራል፣ እናንተም «የዘመኑ ዕቃ» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ገና አዲስ ሳለ ሽቦዎቹን በእኩል ሩብ ሩብ ዙር ጠበቅ ብታደርጉ ብዙው ጣጣ አይመጣም። እኛ ይህን አንነግራችሁም። ከመጀመሪያው ደህና የተወጠረ ጎማ ለዓመታት እጃችንን አይፈልግማ።

ምስጢር መደበቅ በዚህ ሙያ የቆየ ነው። ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ስለ ራሱ ከሚተርከው አንዱ ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1934 ቱር ደ ፍራንስ የሳይክል ውድድር ላይ ተወዳዳሪው አንቶናን ማኝ በአሉሚኒየም ቅይጥ ቸርኬ ነው የጋለበው፤ በዚያን ጊዜ የተፈቀደው እንጨት ስለነበረ ቸርኬው እንጨት እንዲመስል ቀለም ተቀባ። ማኝ ያንን ቱር አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙ ተነሥቷል፤ ልማዱ ግን አለ።

አሁን ጎማ ራሳችሁ መሥራት ለምትፈልጉ። በፊት ጎማ ጀምሩ፤ ሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ለጀማሪ አይከብድም። የሚያስፈልገው ቸርኬ፣ ሞዞ፣ ሽቦ ከነዳዶዎቹ፣ እና ዳዶውን ልክ የሚይዝ የሽቦ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ላይ አትቆጥቡ። ልክ ያልሆነ ቁልፍ የዳዶውን አራት ማዕዘን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ በፒንሳ መታገል ነው። የሽቦው ርዝመት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢያጥር ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ዳዶው ውስጥ በደንብ አይነክስም፣ ቢረዝም ጥርሱ ያልቃል። ርዝመቱን በግምት ሳይሆን ሦስት ነገር ለክታችሁ ታወጡታላችሁ፦ የቸርኬውን የውስጥ ስፋት ዳዶው ከሚቀመጥበት እስከ ትይዩው፣ የሞዞውን ክንፍ ስፋት በቀዳዳዎቹ መሃል፣ እና ክንፉ ከሞዞው መሃል ያለውን ርቀት። የቸርኬውን ስፋት ለመለካት ሁለት አሮጌ ሽቦ ወስዳችሁ ዳዶ አስገቡባቸው፤ ከተቃራኒ ቀዳዳዎች አስገብታችሁ አጥብቃችሁ ጎትቷቸውና ድምሩን ለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ሜትሩን ቸርኬው ላይ ዘርግቶ በዓይን ስለሚገምት።

ሽቦ ለምን ይጠላለፋል? ከሞዞው ቀጥታ ወደ ቸርኬው የሚሄድ ሽቦ የፔዳሉን ጉልበት ለማስተላለፍ ይቸገራል፤ ሞዞው ሲዞር ሽቦው አብሮ ይጠመዘዛል። ጄምስ ስታርሊ በእንግሊዟ ኮቨንትሪ እ.ኤ.አ. በ1874 ሽቦዎቹ ሞዞውን በጎን እየነኩ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲሄዱ አደረገ፤ ዛሬም እኛ የምናደርገው ያንኑ ነው። በ36 ቀዳዳ ጎማ በመጀመሪያ 9 ሽቦ ከሞዞው አንድ ክንፍ አንድ ቀዳዳ እየዘለሉ ይገባሉ፤ ቸርኬው ላይም በየአራተኛው ቀዳዳ ይያዛሉ። ከዚያ በሌላው ክንፍ ሌላ 9። የቀሩት 18ቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ወገን ሦስት ሽቦ ያቋርጣል፣ ሁለቱን በላይ አልፎ ሦስተኛውን በሥር። አሮጌ ጎማ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እያያችሁ ሥሩ፤ በቃል ከመያዝ ይሻላል።

እዚህ ላይ የማንንም ሠሪ እጅ የምትለዩበት ምልክት ልስጣችሁ። ንፋስ የሚሞላበትን ቀዳዳ ተመልከቱ። ግራና ቀኙ ያሉት ሽቦዎች ተራርቀው ለፓምፑ ቦታ ከለቀቁ ሠሪው አውቆ ጀምሯል። ከቀዳዳው በላይ ተጠላልፈው ፓምፑ የሚታገል ከሆነ የመጀመሪያውን ሽቦ አንድ ቀዳዳ ስቶታል፤ ከዚያ ሁሉም ስቶ ተከትሎታል። ጎማው ይሄዳል፣ አይሰበርም። እኔ ግን እንደዚያ ያለ ጎማ ሳይ ሌላውንም ነገር እጠረጥራለሁ።

ዳዶ ከማስገባታችሁ በፊት የሽቦውን ጥርስ ዘይት አስነኩ፤ ደረቅ ጥርስ ውጥረቱን አያስጨምርም፣ ሽቦውን ይጠመዝዛል እንጂ። በአውሮፓ ያሉ የድሮ ሠሪዎች ለዚህ የተልባ ዘይት ይጠቀሙ ነበር፤ እርጥብ ሳለ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ዳዶውን ይይዘዋል። ተልባን በየጾሙ የምንጠጣ ሰዎች ይህን ሳናውቅ መኖራችን ይገርመኛል።

ማቃናቱ ቅደም ተከተል አለው። በቅድሚያ ሽቦዎቹን ሁሉ እኩል አድርጉ፤ የሁሉም ጥርስ ከዳዶው ሥር እስኪሰወር። ከዚያ ወደ ላይ ወደ ታች የሚዘለውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ግራ ቀኙን። ቸርኬው ወደ ቀኝ ከሄደ የግራውን ሽቦ ማጥበቅ ብቻ አይደለም መፍትሔው፤ ግራውን ሩብ ዙር አጥብቃችሁ ቀኙን ሩብ ዙር ፍቱት፣ ድምሩ እንዳይጨምር። ሁሌ ማጥበቅ ብቻ የሚያውቅ እጅ ቀስ በቀስ ጎማውን ያንቀዋል፤ መጨረሻው ቸርኬው ቀዳዳው ላይ መሰንጠቅ ነው። አንድ ሙሉ ዙር ሽቦውን ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ያህል ነው የሚጎትተው፤ ግን ይህችው ትበዛለች፣ በሩብ ሥሩ። አቅጣጫውም ያደናግራል፦ ጎማው ከሚለብስበት በኩል ስታዩት ዳዶው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይጠብቃል፤ ከሞዞው በኩል ሆናችሁ ስታዩት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ቀጭን ሽቦ ከቁልፉ ጋር አብሮ ይጠመዘዛል፣ ስለዚህ ትንሽ አሳልፋችሁ መልሱት። ካልመለሳችሁት ከሱቁ ወጥታችሁ መጀመሪያ ስትጋልቡ «ጧ! ጧ!» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሽቦዎቹ ጥምዝምዛቸውን እየፈቱ ነው፣ ቃኛችሁት የነበረውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ መካከል ላይ ቆም በሉና ጓንት አጥልቃችሁ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሁለት ሽቦዎችን አጥብቃችሁ ጨምቁ፣ ዙሪያውን በሙሉ። ይህን ብዙ መንገድ ዳር የሚሠራ ሰው አያደርገውም፤ እጅ ያማል፣ የሚታይ ነገርም የለውም። ግን ሽቦው ክርኑ ላይ የያዘውን ግትርነት የሚያሰናብተው ይህ ነው፤ ከዚያ ደግማችሁ ስትቃኙ ጎማው ከሁለት ሦስት ቦታ ፈቀቅ ሲል ታያላችሁ።

የኋላ ጎማ ላይ ግራና ቀኝ የሚለያዩት ካቴናው በኩል ያሉት ጥርሶች ቦታ ስለሚሻሙ ነው። የሞዞው ክንፍ ወደ መሃል ይጠጋል፣ ሽቦዎቹም ይበልጥ ቀጥ ይላሉ፤ ቸርኬውን መሃል ለማቆም ከግራዎቹ በጣም ጠብቀው መወጠር አለባቸው። ማርሹ በበዛ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። የግራዎቹን ልልነት አይታችሁ «አልጠበቀም» ብላችሁ ብታጠብቁ ቸርኬው ወደ ግራ ይመጣና ትጀምራላችሁ እንደገና።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግራችሁም፦ የታጠፈ ቸርኬ በሽቦ አይድንም። ጉድጓድ ገብታችሁ ጎማው ተጣጥፎ ሲመጣ መሬት ላይ አስተኝተን በእግር እንረግጠዋለን፣ እንመታዋለን፣ ከዚያ በሽቦ እንጎትተዋለን። ቤት ያደርሳችኋል። ሽቦዎቹን ሁሉ አላልታችሁ ቸርኬውን ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ግን እንደሚንቀጠቀጥ ታያላችሁ፤ ያንን ቀጥ ያደረገው የተወሰኑ ሽቦዎች ያለ ልክ መጓተት ነው። ለትልቅ ውድድር ጋላቢ ነገሩ ሌላ ነው፦ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ በዚያ ደረጃ ጎማ ሲበላሽ ከቡድኑ መኪና ሌላ ይሰጣል። እኛ ዘንድ መለዋወጫ ጎማ ስለሌለ የታጠፈው ይቀጥላል። ምርጫው የእናንተ ነው፣ ግን እያወቃችሁ ምረጡ።

በሚቀጥለው ጊዜ ጎማ ስታሠሩ ቆማችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ወንድሜ፣ ድምፁን ሰማኸው?» አንዳንዱ ስቆ «ጎማ ነው እንጂ ዘፋኝ አይደለም» ይላችኋል። ሌላው ዝም ብሎ ሽቦዎቹን በጥፍሩ እየመታ ያዳምጥና ከተስማማችሁበት በላይ ዋጋ ይጠይቃል። ለሁለተኛው ክፈሉት።