ሰባራው ድልድይና የእኛ ሲሚንቶ

የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት የተወለድኩበትን አገር ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ መንገዱም ሰላም ነበር። ደጀን ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን፣ ቢቸናንና ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ሞጣ ስናመራ “ነገ ሰባራ ድልድይን እናያለን” አልኳት።

“እማማ፣ ከተሰበረ ምኑን እናያለን?” አለችኝ።

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄዋ ከነከነኝ። ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ ይህን የምጽፈው እንደኔ ልጆችና የልጅ ልጆች ያላችሁ አንባቢዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ሲገጥማችሁ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው።

ሰባራ ድልድይ ከሞጣ በስተሰሜን፣ ዓባይ ጎጃምንና ቤጌምድርን በሚለይበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ደግሞ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሁለቱም በድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው። የአገሬው ሽማግሌዎች ኖራው በእንቁላል የተለወሰ ነው ይላሉ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት ብለው ድልድዩን ከወገቡ በጠሱት። ጣሊያን ወጣ፤ ድልድዩ ግን ሳይጠገን ከ60 ዓመት በላይ ቆየ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ እዚያ አካባቢ ስመደብ ሰው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፤ በዚያ ማዶና በዚህ ማዶ ያሉ ጎበዞች ገመዱን ይዘው ይጎትቱታል። ከእግሩ ሥር ዓባይ ይጮኻል። ገበያተኛውም፣ ለቀስተኛውም፣ ታማሚውም የሚሻገረው እንዲሁ ነበር።

አንድ ቀን ለኩፍኝ ክትባት ሌሊት ተነስተን፣ በረዶ የያዘውን የክትባት ሳጥን በበቅሎ ጭነን ወደ ድልድዩ ወረድን። ማዶ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቁናል። ገመዱ ተዘጋጀ። “ሲስተር ትሻገር” ተባለ። ወጣት ነበርኩ፤ ቁልቁል ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። አልቻልኩም። ያን ጊዜ አንዲት እናት ከማዶ ጮኸው “ተይ ልጄ፣ አንቺ ካልመጣሽ እኛ እንመጣለን” አሉ። ልጃቸውን በአንቀልባ አጥብቀው አዝለው ታሰሩና ተሻገሩ። ሕፃኑ ጀርባቸው ላይ ተኝቶ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ሌሎች አሥር እናቶች ተከተሉ። ሁሉንም ልጆች ከተብን። ፈርተው ማዶ የቀሩትን ግን አልከተብንም። እነሱን እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ።

ይህ ድልድይ ዓለም ያወቀው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሰዎች በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳየውን ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየና ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥገናው በጎርፍ ተጎዳ፤ ከዚያም በአቅራቢያው በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እኔና የልጅ ልጄ የተሻገርነው በአዲሱ ነው። አሮጌው ከነስብራቱ ቆሟል። አዲስ ተሠራ ተብሎ ድንጋዩ ለሌላ ሥራ አልተወሰደም። እናቶቹ የታሰሩበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። ዝም ብላ ብዙ አየች። ምኑን እንደምናይ ገባት መሰለኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከሞጣ ስንመለስ ቢቸና አካባቢ ወዳለችው የልጅነት አጥቢያዬ ወሰድኳት። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የቤተ ክርስቲያኗ ሳይሆን የእኛ ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተለሰነ አሮጌ ደጀ ሰላም ነበራት። አያቴ በእሱ በኩል ነው የገቡት፤ እኔም በእሱ በኩል ነው ለክርስትና የተወሰድኩት። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ያለን ተወላጆች ኮሚቴ አቋቁመን “ግንቡ አረጀ፣ እናድሰው” ብለን ገንዘብ ሰበሰብን። ቤት ለቤት እየዞርኩ ያሰባሰብኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ ቀለምም ቀባነው። በምረቃው ቀን እልል አልን።

ከልጅ ልጄ ጋር ስንደርስ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ረጥቦ፣ አንዱ ማዕዘን ወደ ውጭ አብጧል። ያጠመቁኝ ቄስ ልጅ የሆኑ አባት ወጥተው ሰላም አሉኝ።

“ምን ሆነ አባ?” አልኳቸው።

“ምን ይሆናል ወለተ ማርያም፣ ግንቡ መተንፈሻ አጣ” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጭቃና ኖራ እርጥበት ያስገባሉ፤ መልሰውም ያስወጣሉ። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው። በስንጥቁ የገባውን የዝናብ ውሃ ይዞ ያስቀረዋል። ግንቡ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ ድንጋዩም ይላላል። ይህ ለነርስ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። ቁስል ሳይጸዳ ጥብቅ አድርገው ቢሸፍኑት ከላይ ንጹሕ መስሎ ከውስጥ ያመረቅዛል። ስንቱን ወጣት ነርስ “ከማሸግሽ በፊት እዪ” ብዬ ያስተማርኩ ሰው የአያቶቼን ግንብ ሳላይ አሸግሁት።

ሌሎች አገሮች ይህን ስህተት የሚከላከሉት እንዴት እንደሆነ ያየሁት እንግሊዝ የምትኖረው ልጄን ለአራስ ጥየቃ በሄድኩ ጊዜ ነው። የምትኖረው ገጠር ውስጥ ነው። ጎረቤቷ የበሰበሰ የመስኮት እንጨት ለመለወጥ ወራት እንደጠበቁ ሲነግሩኝ ገረመኝ። ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ነገር ግን በመንግሥት የቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ በመሆኑ መልኩን የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። አሠራሩ በአሁኑ መልኩ የተዘረጋው ከ1947 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ሲሆን፣ ዛሬ በእንግሊዝ ብቻ ከ370 ሺህ በላይ ምዝገባዎች አሉ። መዝገቡ የቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም። የእህል ጎተራ፣ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ፣ የመቃብር ሐውልት፣ ቀዩ የስልክ ቤት ሳይቀር አለበት። አብዛኞቹ ሰው የሚኖርባቸውና የሚገለገልባቸው ናቸው። አሮጌ ግንብ በኖራ እንጂ በሲሚንቶ እንዳይለሰን ባለሙያዎቻቸው አጥብቀው ይመክራሉ።

ታዲያ እኛ ሕግ የለንም? አለን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ያስገድዳል፤ የጥገና ሥራ ግን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳይካሄድ ይከለክላል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችልም ይናገራል። ኮሚቴያችን ውስጥ መምህርም፣ ነጋዴም፣ ነርስም ነበርን። አንዳችንም አዋጁን አንብበን አናውቅም። በቅንነት የተሰበሰበ ገንዘብ ሕግ የሚጥስ አልመሰለንም ነበር።

አካባቢያችን በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ የሚያውቃት ዲማ ከቢቸና ቅርብ ናት። ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ሲሉ መርጡለ ማርያም አለች፤ ከእቴጌ እሌኒ ዘመን ጀምሮ ታሪክ ያለው፣ ድንጋዩ በአበባና በሐረግ የተቀረጸ የፍርስራሽ ግንብ ይታይባታል። እነዚህ ስም አላቸው። ስም የሌላቸው ደጀ ሰላሞች፣ የደወል ቤቶችና የድንጋይ አጥሮች ግን በየአጥቢያው አሉ። ገንዘብ ስናገኝ መጀመሪያ የምናፈርሰው ወይም በሲሚንቶ የምንሸፍነው እነሱን ነው።

ስለዚህ እንደ እናትና እንደ አያት የምመክረው ይህን ነው። ለትውልድ አጥቢያችሁ ማደሻ ገንዘብ ስትጠየቁ ከመስጠታችሁ በፊት “ፈቃድ ተጠይቋል ወይ? የሚጠገነው በምንድን ነው?” በሉ። ከአሥር ኩንታል ሲሚንቶ ይልቅ የጣሪያውን ቀዳዳ መድፈንና የዝናቡን ውሃ ከግንቡ ሥር ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አሮጌውን የኖራ አሠራር የሚያውቅ ግንበኛ በአካባቢው ካለ ሳያልፍ ልጆች አጠገቡ ቆመው እንዲያዩ አድርጉ። ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ግንቡን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱት፤ እኛ አንድም ፎቶ የለንም።

አባ በዚያ ቀን ደጀ ሰላሙን ለማዳን የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንደጠየቁ ነገሩኝ። የቀረነው የኮሚቴ አባላት ዘንድሮ እንደገና ተሰባስበናል። አሁን የምናዋጣው ባለሙያ መጥቶ እንዲያየው፣ ሲሚንቶውም በጥንቃቄ እንዲነሳ ነው።

ወደ መኪናችን ስንመለስ የልጅ ልጄ እጄን ይዛ “እማማ፣ ይኼንንም አርበኞች ናቸው የሰበሩት?” አለችኝ።

“አይደለም ልጄ” አልኳት። “አርበኞቹ ድልድዩን ሲሰብሩ አስበውበት ነው። ይኼን የጎዳነው እኛ ነን፤ ሳንጠይቅ።”