የመረቅ ነገር በካዛንቺስ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የካዛንቺስ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከኢጣልያንኛ ነው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ድርጅት በዚያ ቤቶች አቁሞ ነበር። የድርጅቱ አሕጽሮተ ስም «ኢንቺስ» ስለ ነበረ «ካዜ ኢንቺስ»፥ ማለት የኢንቺስ ቤቶች፥ በሕዝብ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የደመወዝተኛ ሰፈር ነው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይም የደመወዝተኛን ኪስና ሆድ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም የአጥንት መረቅ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ እንደ ያዝኩ በዚሁ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እንደ ላጤ ጓደኞቼ ሁሉ የወጤን ጣዕም የማገኘው ከሱቅ ከሚገዛው የመረቅ ኩብ ነበር። ኩቡን የስዊሱ ዩልዮስ ማጊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1908 ለገበያ ካወጣው ወዲህ ዓለምን አዳርሷል፤ ለቸኮለ ሰው መጥቀሙንም አልክድም። ነገር ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከልኳንዳ አጥንት ገዝቼ በፈላ ውሃ ከተትኩ፤ ጨው በተንኩበት፤ እሳቱንም አነደድኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የወጣው የደፈረሰ የጨው ውሃ ነበር። አከራዬ እትዬ ቀመስ አድርገው፦

«ልጄ፥ ይኸ ተጥዷል እንጂ አልበሰለም» አሉኝ።

በሳምንቱ አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩኝ። መቅኒ ያለውንና የመገጣጠሚያውን አጥንት ቀላቅለው አጠቡ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ጥደው ከሰሉን አሳነሱት። አረፋው ሲወጣ በማንኪያ ገፈፉ። ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረው ከጧት እስከ ማታ ተዉት፤ ጨውና ጤና አዳም የገቡት መጨረሻ ላይ ነው። ውሃው እየመነመነ ሲሄድ ጨው አስቀድሞ ከገባ መረቁ እንደሚመር የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ለካስ የእኔ ጥፋት አንድ ብቻ አልነበረም!

ትዕግሥታቸው ምክንያት አለው። በጅማትና በመገጣጠሚያ ያለው ኮላጅን የሚባለው ነገር ጄላቲን ወደሚባለው የሚለወጠው በረጅም ሙቀት ነው። ጥሩ መረቅ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውም በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ የምግብ መጽሐፍ «ሦስት ሰዓት» ቢል እዚህ አይበቃም። እሳት ማንደዱም አይረዳም፤ ውሃውን ያተናል እንጂ ከዚያ በላይ አያሞቀውም።

የተጠለለው መረቅ ሳይውል ሳያድር ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ቢገባ ለሦስት ቀን ያህል ይቆያል። በፍስክ ቀን ሽሮው በእርሱ ሲበጠበጥ ሥጋ ሳይኖረው የሥጋ ጣዕም ያገኛል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ደግሞ የምስር ቅቅል ውሃ አለለት፤ እኛ ግን እናፈስሰዋለን።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለልማት ሲነሣ እኔም እትዬም ከሰፈሩ ወጣን። እርሳቸው ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ባለፈው ሰንበት ልጠይቃቸው ብሄድ ድስቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጥዷል። ነገር ግን ገና አረፋው ተገፎ ሳያልቅ መብራት ሄደ። እኔ ወደ ሱቅ ወርጄ ኩብ ልግዛ ስል እትዬ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ድስቱን በጨርቅ አስይዘው አራቱን ፎቅ አስወረዱኝና በጋራ ማብሰያው ቤት ከሰል አያያዙ። ማንነታቸውን ገና በቅጡ የማያውቋቸው ሁለት ጎረቤቶችም የየራሳቸውን ድስት ይዘው ወረዱ፤ አንደኛዋ «እትዬ፥ ይኸ አጥንት ከየትኛው ልኳንዳ ነው?» ብለው ጠየቁ።