እንዴት ይሠራል? የቤት ውስጥ ኮክፒት ከሬዲዮ ቮልዩም ይጀምራል

ቤትዎ አሮጌ ሬዲዮ ካለ ያውጡትና ቮልዩሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩት። መነሻና መድረሻ አለው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። ሲዞር ደግሞ ኮሽ ኮሽ የሚል ከሆነ ውስጡ አቧራ ገብቷል ማለት ነው።

አሁን የኮምፒውተርዎን ማውዝ ይያዙና መሐሉ ላይ ያለችውን ጎማ በጣትዎ ይግፏት። እንቅ እንቅ እያለች ትዞራለች እንጂ ማቆሚያ የላትም።

በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረር የሚወዱና «ኪቦርድ ሰልችቶኛል፤ እውነተኛውን የሚመስል ኮክፒት ቤቴ ውስጥ ልሥራ» የሚሉ ከሆነ፣ የሥራውን ግማሽ አሁን በእጅዎ ነክተውታል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከስክሪን ነው። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ። እኔ ግን ኮክፒት የሚሠራው ለእጅና ለእግር ነው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው የታወቀ የበረራ ማሠልጠኛ እንኳ ስክሪን የሚባል ነገር አልነበረውም። ኤድ ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በቢንግሃምተን ከተማ፣ በአባቱ የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ ውስጥ ያደገ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የኦርጋን ወናፎችን ወስዶ፣ መሪው ሲነካ የሚያጋድል ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሠራባቸው። ሠልጣኙ ውስጡ ይገባል፤ ክዳኑ ይዘጋበታል፤ የሚያየው የመሣሪያዎቹን ሰሌዳ ብቻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ500,000 በላይ አብራሪዎች በዚህ ሣጥን ሠልጥነዋል።

ወደ ሬዲዮው እንመለስ። ቮልዩሙን በካቻቢቴ ቢፈቱት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጥቁር የካርቦን መስመርና በላዩ የምትንሸራተት ቀጭን የብረት ምላስ ያገኛሉ። ከውጭ ሦስት እግር አለው። በአንዱ ዳር እግር 5 ቮልት፣ በሌላው ዳር ዜሮ ይሰጡታል። መስመሩ እንግዲህ እንደ ፎቅ ደረጃ ነው፤ ላይኛው ጫፍ 5፣ ታችኛው ዜሮ፣ ምላሷ ደግሞ የቆመችበትን ከፍታ በመካከለኛው እግር ታሳውቃለች።

ያንን ከፍታ አንብቦ ለኮምፒውተር የሚነግር አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አርዱዊኖ ሊዮናርዶ የሚባለው መዳፍ የማይሞላ ሰሌዳ ለዚህ ይመቻል። 5ቱን ቮልት ከ0 እስከ 1023 ቆጥሮ ይከፋፍለዋል፤ በዩኤስቢ ሲሰካና በነፃ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም ሲጫንበት ኮምፒውተሩ ጆይስቲክ የተሰካ ይመስለዋል። ቮልዩሙን በካርቶን ሣጥን ላይ ይሰኩ፣ ዘንግ ያያይዙበት፣ ሦስት ሽቦ በስታኞ ይበይዱ። የሞተር ጉልበት መስጫ ሠሩ ማለት ነው።

ግን ከሬዲዮው ነቅለው አይጠቀሙበት። ጆሯችን የድምፅን መጨመር እኩል በእኩል ስለማይሰማ፣ የሬዲዮ ቮልዩም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በዝግታ፣ መጨረሻ ላይ በፍጥነት እንዲጨምር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ለሙዚቃ ደግ ነው፤ ለሞተር ግን ክፉ። ዘንጉ ግማሽ ላይ ሆኖ ሞተሩ ገና ያንቀላፋል። ዕቃ ቤት ሲሄዱ ጀርባውን ያንብቡ፦ በዛሬዎቹ የእስያ ምርቶች ላይ «ኤ» የሚለው የላቲን ፊደል ለድምፅ የተሠራውን፣ «ቢ» ደግሞ እኩል የሚጨምረውን ያመለክታል። የእርስዎ ባለ 10 ኪሎኦም «ቢ» ነው።

የእግር ፔዳል ሲሠሩ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ቮልዩም 300 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ፔዳል ግን ከ30 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ቮልዩሙን በቀጥታ ከፔዳሉ ጋር ካሰሩት፣ ከአንድ ሺሕ ምናምን ደረጃዎች መቶ ያህሉን ብቻ ይጠቀማሉ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን በእርጋታ ማዞር ሲገባው እየዘለለ ይሄዳል። በኮምፒውተሩ ላይ ልኩን ማስተካከል ይቻላል፤ የጠፉትን ደረጃዎች ግን አይመልስም። መፍትሔው በፔዳሉ በኩል ትልቅ፣ በቮልዩሙ በኩል ትንሽ ጥርስ ማድረግ ነው፤ ትልቁ ጥቂት ሲዞር ትንሹ ብዙ ይዞራል።

አቧራውስ? ያ ኮሽታ በኮክፒት ውስጥ ሲደርስብዎ መሪው ሳይነካ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ደኅና ጆይስቲኮች መነካካቱን ጭራሽ የተዉት። ስልክዎ ላይ ኮምፓስ ይክፈቱና ትንሽ የፍሪጅ ማግኔት በአጠገቡ ቀስ አድርገው ያሳልፉ፤ ብዙ አያስጠጉት። መርፌው ማግኔቱን ይከተላል። ምንም ነገር ምንም ነገር አልነካም፤ ስልኩ ግን ማግኔቱ የት እንዳለ አወቀ። ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ያገኘው ክስተትም ማግኔት በኤሌክትሪክ ላይ የሚያደርገውን ተጽዕኖ ይጠቀማል፤ በስሙ የሚጠራው ትንሽ መለኪያ ከዘንጉ ጫፍ ያለውን ማግኔት ሳይነካው ይከታተላል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ አያረጅም። ለመጀመሪያ ሥራ ቮልዩሙ ይበቃዎታል፤ ሲሰለችዎ ወደዚህ ይሻገሩ።

የማውዟ ጎማ ደግሞ ሌላ ፍጡር ናት። የት እንዳለች አታውቅም፤ ስንቴ እንደተንቀሳቀሰችና ወደየት እንደዞረች ብቻ ትናገራለች። ሁለት ምልክት ጥቂት ቀደምና ዘግየት አድርጋ ትልካለች፤ የትኛው እንደቀደመ በማየት አቅጣጫው ይታወቃል። በኮክፒት ውስጥ አቅጣጫ መምረጫውና የከፍታ መለኪያውን ለአየር ግፊት ማስተካከያው የዚህ ዘር ናቸው። ስለዚህ ማንኛውንም ማዞሪያ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ ነገር ጫፍ አለው ወይስ የለውም? ጫፍ ካለው ቮልዩም፣ ከሌለው የማውዟን ዓይነት።

እንጨት ከመቁረጥዎ በፊት በካርቶን ይሞክሩ። ጎማ የሌለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ባለ ጎማው ፔዳል በረገጡ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል። ዓይንዎን ጨፍነው ቀኝ እጅዎን ዘርጉት ሳይባል እንደሚዘረጋው ይዘርጉት። ያረፈበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ የጉልበት መስጫው ቦታ እዚያ ነው። መሪው ጉልበትዎን እንዳይነካም ያኔውኑ ይለኩ። ካርቶን ለመቅደድ አያሳዝንም፤ ኮምፔንሳቶ ግን ያሳዝናል።

ዓይን መጨፈኑ ቀልድ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ ፍላፑን (ከክንፉ ጀርባ ያለውን ተዘርጊ ክፍል) እናጥፍ ብለው ጎማውን እያጠፉ፣ አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1943 ገደማ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ጥፋቱን ያገኘው በአብራሪዎቹ ላይ ሳይሆን ጎን ለጎን በተቀመጡት ተመሳሳይ መቆጣጠሪያዎች ላይ ነው። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው የክንፍ ቅርጽ ያለው ሽብልቅ አደረገበት። ዛሬም የማረፊያ ጎማው ማንሻ ጎማ፣ የፍላፑ ማንሻ ክንፍ ይመስላል። እርስዎም ለእያንዳንዱ ማንሻ የተለያየ ጫፍ ይፈልጉለት፤ አንዱ የጠርሙስ ክዳን፣ ሌላው የተጠረበ እንጨት ቢሆን ማን ይከለክላል?

ሠርተው ሲጨርሱ ቦሌ ላይ ይፈትኑት። ፍላይትጊር የሚባለው ሲሙሌተር በነፃ ይወርዳል፤ ሲከፍቱት የሚቀበልዎ አውሮፕላን ሴስና 172 ነው፣ በዓለም ላይ በብዛት በመመረት ተወዳዳሪ የሌለው። የቦሌ ኮድ ኤችኤኤቢ ነው። ሁለተኛ ቮልዩም ጨምረው ቀይ ቀለም ይቀቡት፤ ይህ ሚክስቸር ነው፣ ነዳጅና አየር የሚመጥን።

ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቀዩን እስከ መጨረሻ ገፍተው ሙሉ ጉልበት ቢሰጡት ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ይታፈናል። አሁን ቀዩን ቀስ እያሉ ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ የሞተሩ ዙር መጨመር ይጀምራል። ጥቂት ሲቀጥሉ መልሶ ይወርዳል። በሁለቱ መሐል ያለችውን ቦታ ጣትዎ ያገኛታል። ያኔ እንኳ መነሻ ሩጫው ባሕር ዳርቻ ካለ አውሮፕላን ማረፊያ በግልጽ ይረዝማል።

ጉልበቱ ሙሉ ሲሆን ሴስናዋ ወደ ግራ ትስባለች፤ አስፋልቱ ላይ የሚያቆያት ቀኝ እግርዎ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ስክሪን ይተዉትና ፔዳል ይግዙ ወይም ይሥሩ።