«ራን» የተባለው ግስና 645 ፍቺዎቹ
እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «ራን» የሚለውን ግስ ገና ከጅምሩ ያገኘዋል፤ ፍቺውም «ሮጠ» ነው ተብሎ ይነገረዋል። ብዙም ሳይቆይ ግን ይኸው ግስ ሩጫ በሌለበት ሁሉ ይገጥመዋል። ንፍጥ የሚወርደው አፍንጫ፣ ሲታጠብ ቀለሙን የሚለቅ ጨርቅ፣ በየ10 ደቂቃው የሚመላለስ አውቶቡስ፣ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ፣ የሚሠራ ሞተር፣ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ ፕሮግራም፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ፖለቲከኛ፣ ሁሉም በዚሁ በአንድ ግስ ይነገራሉ። ተማሪ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ይህን የፍቺ ብዛት የቋንቋው ዝርክርክነት አድርጎ ማየት ትክክል አይደለም። ፍቺዎቹ አንዱ ከሌላው እየተወለዱ የመጡ ናቸው፤ አወላለዳቸውን የተረዳ ሰው አብዛኞቹን በቃሉ ሳይሸመድድ ሊደርስባቸው ይችላል።

ብዛቱን ቆጥረው የነገሩን የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ናቸው። መዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱን ፍቺ ዘመናቸው በተመዘገበ ጥቅሶች ስለሚደግፍ፣ አንድ አጭር ግስ ማዘጋጀት በሺህ የሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮችን መለየትና መመደብ ማለት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በ20 ቅጽ በወጣው ሁለተኛ እትም ከሁሉ የረዘመው «ሰት» የተባለው ግስ ነበር፤ 430 ያህል ፍቺ ተቆጥሮለታል። ለሦስተኛው እትም በሚደረገው ክለሳ ግን «ራን» ቀደመው። ሥራው የተሰጣቸው ፒተር ጊሊቨር ከ9 ወር በላይ ደክመውበት ለግሱ ብቻ 645 ፍቺ ለዩ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥር ያለው ሐሳብ በእግር መሮጥ ብቻ አይደለም፤ ሳይቋረጥ ወደፊት መሄድ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛም ግሱ ለሰውና ለእንስሳ ብቻ ሳይሆን ለሚፈስ ውሃ ጭምር ያገለግል ነበር። ውሃ ላይ ከዋለ ደግሞ ወደ እንባ፣ ወደ ንፍጥና ወደሚለቅ ቀለም ለመድረስ አንድ እርምጃ ነው የቀረው። መንገድ ራሱ አይንቀሳቀስም፤ ተመልካች ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ይከተለዋል፤ ስለዚህ መንገዱም፣ አጥሩም፣ የተራራው ሰንሰለትም «ራን» ይባልላቸዋል። ከቦታ ወደ ጊዜ መሻገሩም እንዲሁ ቀላል ነው፤ ለወራት መድረክ ላይ የሚቆይ ቲያትርና ዘመኑን የሚቆጥር ውል በዚሁ ግስ ይነገራሉ። ሁለተኛው ቁልፍ ሰዋስው ውስጥ ይገኛል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ዘመዳሞች ግሶች ነበሩት፤ አንዱ በራስ መሮጥን፣ ሌላው ፈረስን እንደ መጋለብ ያለውን ማስሮጥን ይናገር ነበር። በኋላ ሁለቱ ከስካንዲኔቪያው ዘመዳቸው ጋር ተዋሕደው አንድ መልክ ያዙ። አማርኛ «ሄደ» እና «አስኬደ» እያለ የሚለየውን የዛሬው እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ ሞተሩ ሲሠራም፣ ሰው ሞተሩን ሲያሠራም «ራን» ነው። ድርጅት ማስተዳደር፣ ምርመራ ማካሄድ፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ መሙላት፣ ጦር መሣሪያ በድብቅ ማሻገር፣ ጋዜጣ ላይ ዜና ማውጣት፣ ሁሉም የ«አስኬደ» ወገን ናቸው።

ግሱ ባለፉት ዘመናት ይህን ያህል የሰፋውም በምክንያት ነው። ወፍጮ፣ ሰዓት፣ የእንፋሎት ሞተር፣ ባቡር፣ በመጨረሻም ኮምፒውተር ሲመጡ ሳያቋርጥ የሚሠራ ነገር በዛ፤ ለእያንዳንዱም አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ ያለው ተዘረጋ። ልዩነቱን የሚሸከሙት አብረውት የሚቆሙት ቃላት ናቸው። «ራን አውት» ሲሉ አለቀ ማለት ነው፤ «ራን ኢንቱ» ድንገት ማግኘት ወይም መጋጨት፣ «ራን ኦቨር» በመኪና መዳጥ ነው። ባንክ ላይ «ራን» ተነሣ ከተባለ ደግሞ አስቀማጮች እምነት አጥተው ገንዘባቸውን ለማውጣት መሽቀዳደማቸው ነው፤ እዚህ ላይ የጥንቱ ሩጫ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የቆየ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባወጣው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ «ራን»ን ከሌሎች አጫጭር ግሶች ጋር ዘርዝሮ ፍቺያቸው ልቅና የማይጨበጥ በመሆኑ ድካሙን እንዳበዙበት ተናግሯል። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነገሩ እውነት ነው፤ አዘጋጁ ግን ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ነጥሎ ያየዋል። ተናጋሪው ቃሉን ብቻውን አይሰማውም፤ «አፍንጫ» ወይም «ኩባንያ» የሚለው አጠገቡ ስላለ 645ቱን አያወዳድርም። ሁለተኛው ተቃውሞ ሁሉም ፍቺ ከመነሻው ሊገመት አይችልም የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው። ለምርጫ የሚቀርብን ሰው አሜሪካኖች «ይሮጣል» ሲሉት እንግሊዞች «ይቆማል» ይሉታል፤ ሁለቱም ያስኬዳል፣ የትኛው እንደሚጸና የወሰነው ልማድ ነው። ስለዚህ መነሻውን ማወቅ ፍቺውን ከሰሙ በኋላ ለመረዳትና ለማስታወስ እንጂ ሁልጊዜ አስቀድሞ ለመተንበይ አይበቃም። ሦስተኛው ተቃውሞ ቁጥሩን ይመለከታል፤ ሌላ አዘጋጅ ተቀራራቢ ፍቺዎችን ቢያጣምር 645 አይደርስም። እውነት ነው፤ ግን ይህ ክርክራችንን ያጠናክረዋል። ፍቺዎች ሊጣመሩ የሚችሉት በመካከላቸው ያለው ድንበር ስስ ስለሆነ፣ ማለትም ስለሚዛመዱ ነው።

አሜሪካዊው የቋንቋ አጥኚ ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ በ1940ዎቹ እንዳሳየው፣ አዘውትሮ የሚነገር ቃል ብዙ ፍቺ ይኖረዋል። አማርኛም ከዚህ አይወጣም። ፖሊስ ሌባ ይይዛል፣ ጉንፋን ሰው ይይዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ቂም ይያዛል፣ መንገደኛን ዝናብ ይይዘዋል፣ ስልክም «ተይዟል» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ «ያዘ»ን የሚያህል ግስ በየቀኑ ሳይደናገር የሚጠቀም ከሆነ፣ «ራን» የሚጠይቀውን ችሎታ ከቤቱ ይዞት መጥቷል ማለት ነው። የጎደለው ልምምዱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚገኘው ግሱን ለብቻው ከነዝርዝር ፍቺው በመሸምደድ ሳይሆን፣ ከጎኑ ከሚቆሙት ቃላት ጋር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ በማንበብና በመስማት ነው። ተማሪዎቻችንን በዚህ መንገድ ብናስተምር እንግሊዝኛ ከሚያስፈራቸው ነገር አንዱ ይቀንስላቸዋል።